ሕግና ስለላ የተገናኙበት ልብ ወለድ ለምን ከእጅ አይወርድም?

የማታ አንባቢ (ጠያቂ)፦

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ሰሞኑን የፍርድ ቤት ሙግትንና የስለላ ሥራን ጎን ለጎን የሚያስኬዱ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለዶችን በተከታታይ ሳነብ ሰንብቻለሁ። የስለላ ታሪክ ብቻውን ሲቀርብልኝ ብዙውን ጊዜ መሀል ላይ ውሉ ይጠፋብኛል፤ ማን ለማን እንደሚሠራ፣ ከሃዲው የትኛው ታማኙ የትኛው እንደሆነ መከታተል ይታክተኛል። የችሎት ታሪክ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ክርክሩ ቢጥመኝም መጽሐፉን አስቀምጬ ወደ ሥራዬ ለመሄድ አልቸገርም። ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ ሲገናኙ ግን «ይህችን ምዕራፍ ብቻ» እያልኩ ሌሊቱ ይጋመሳል።

ብዙ ሰው መልሱ ተኩሱና ማሳደዱ ነው ይላል፤ እኔን ግን አያረካኝም። ትንፋሼን ውጬ ያነበብኳቸው ገጾች የትኞቹ እንደሆኑ መለስ ብዬ ስመለከት ተኩስ የለባቸውም። መዝገብ ቤት ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው አቤቱታውን ይዞ ደረጃ የሚወጣ ጠበቃ፣ መሐላ ፈጽሞ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚጠብቅ ምስክር፣ የታሸገ ፖስታ ከፍቶ ካነበበ በኋላ ፊቱ ላይ ምንም የማይታይበት ዳኛ፤ እኔን ያስጨነቁኝ እነዚህ ናቸው። ይህ ለምን ይሆናል?

ሁለተኛው ጥያቄዬ የራሳችንን ቤት የሚመለከት ነው። የአማርኛ አንባቢ ለስለላ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ማሞ ውድነህ በጦርነትና በስለላ ዙሪያ ባዘጋጇቸው መጻሕፍት ያደገ ትውልድ አለ፤ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ሰሞን አሥመራ ላይ የነበረውን የሰላዮች ፍልሚያ ያስነበበን የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም እስከ ዛሬ እጅ በእጅ ይዞራል። ይሁን እንጂ እዚያም ቢሆን የታሪኩ መሽከርከሪያ ችሎት አይደለም። በእኛ ፍርድ ቤት ደግሞ በውጭ አገር ልብ ወለዶች የምናውቃቸው፣ ከሕዝብ ተመርጠው «ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም» የሚሉ አሥራ ሁለት ሰዎች የሉም። እንዲህ ያለ ታሪክ በእኛ ችሎት ላይ ሊቆም ይችላል ትላላችሁ?

ተከላካይ፦

ጤና ይስጥልኝ የማታ አንባቢ። በወንጀል ጉዳዮች በጥብቅና የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ከሙያዬ አንጻር ልመልስ።

በእኔ እምነት ሕጉ ለስለላው ታሪክ የሚያበድረው ስለላው በራሱ የሌለውን ነገር ነው፤ እርሱም ቀነ ገደብና የማይታለፍ መስመር ነው። ሰላይ በልብ ወለድ ውስጥ ይዋሻል፣ ይሰርቃል፣ ስሙን ይለውጣል፣ ድንበር ያቋርጣል፤ ሁሉን ማድረግ የሚችል ሰው ደግሞ ለአንባቢ ብዙም አያሳስብም። ጠበቃው ግን የሚፈቀድለት ጥቂት ነው። ደንበኛው የነገረውን ምስጢር ቢያውቅም አፉን መዝጋት አለበት፤ ይግባኙን በቀኑ ካላስገባ እውነቱ ከእርሱ ጋር ቢሆንም በሩ ይዘጋበታል። አንባቢው የሚጨነቀው የሚያመልጥበት መንገድ እየጠበበ ለሚሄድ ሰው ነው።

ለዚህ እውነተኛ ጉዳይ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በጁን 1957 አንድ ማለዳ የኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ሰዎች ኒው ዮርክ በሚገኘው ላተም ሆቴል፣ ሩዶልፍ አቤል በሚል ስም ወደሚታወቀው የሶቪየት ሰላይ ክፍል ገቡ። እንዲተባበራቸው ጠይቀውት አሻፈረኝ ሲል፣ ውጭ ሆነው ይጠባበቁ የነበሩት የኢሚግሬሽን መኮንኖች ገብተው በስደተኞች ሕግ መሠረት በወጣ የአስተዳደር ማዘዣ ያዙት፤ ክፍሉንም ፈተሹ። ዕቃውን ሲሸክፍ ቁጥሮች የተደረደሩበትን ወረቀት ወደ እጅጌው ሊያስገባ ሲል አንዱ አየውና ወረቀቱን ያዘበት። ሆቴሉን ለቆ ከሄደ በኋላ ኤፍቢአይ የክፍሉን የቆሻሻ ቅርጫት ሲፈትሽ፣ ውስጡ ተቦርቡሮ ማይክሮፊልም የተደበቀበት እርሳስና የምስጢር ጽሑፍ መፍቻ ቁጥሮች የተሸሸጉበት ቁራጭ እንጨት አገኘ። እስከዚህ ያለው የተለመደ የስለላ ታሪክ ነው።

ታሪኩ መልኩን የሚለውጠው እንዲከራከርለት የተመደበው ጠበቃ ጄምስ ዶኖቫን የፍርድ ቤት የፍተሻ ማዘዣ የት አለ ብሎ ሲጠይቅ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛው ማሻሻያ ሰውን ካለ አግባብ ከሚደረግ ፍተሻ የሚጠብቅ ሲሆን፣ ጥበቃው የዜጎች ብቻ ነው አይልም። በዚያ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ለሶቪየት ሰላይ ብሎ ይህን መከራከር ጠበቃውን በጎረቤቶቹ ዘንድ ምን እንደሚያሰኘው መገመት አያዳግትም። አቤል ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ዶኖቫን ደንበኛው በሞት እንዳይቀጣ ለዳኛ ሞርቲመር ባየርስ ሲያመለክት ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ወደፊት ተመጣጣኝ ደረጃ ያለው አሜሪካዊ በሶቪየቶች እጅ ቢወድቅ ይህ ሰው ለልውውጥ ሊጠቅም ይችላል የሚል ነበር። ዳኛው 30 ዓመት ፈረዱበት። የፍተሻው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1960 በ5 ለ4 ድምፅ ውድቅ ሆነ። ከዚያ አምስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሜይ 1 ቀን፣ የአሜሪካ ዩ-2 የስለላ አውሮፕላን በሶቪየት ሰማይ ላይ ተመታ፤ አብራሪው ጋሪ ፓወርስም ተማረከ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1962 አቤልና ፓወርስ በርሊን ጫፍ ላይ በሚገኘው የግሊኒከ ድልድይ ላይ ተለዋወጡ፤ ድርድሩን ያካሄደውም ያው ዶኖቫን ነበር።

ልብ ይበሉ፣ ልውውጡን የሚቻል ያደረገው ከአራት ዓመት በፊት በችሎት የተነገረ የቅጣት ማቅለያ ሐሳብ ነው። አቤል በሞት ተቀጥቶ ቢሆን ኖሮ ድልድዩ ላይ የሚቆም ሰው ባልነበረ ነበር።

ዘገምተኛ፦

ተከላካይ ያነሡት ጉዳይ ግሩም ነው፤ ለፍጥነት ምስክር ሊሆን ግን አይችልም። እንዲያውም ከዚያው መዝገብ ተቃራኒውን ማሳየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1953 ብሩክሊን ውስጥ ጋዜጣ እያደለ ሒሳብ የሚሰበስብ ልጅ ከተቀበላቸው ሳንቲሞች አንዷ ወድቃ ለሁለት ተከፈለች፤ በውስጧም የቁጥር ረድፎች የሰፈሩባት ደቃቅ ፎቶግራፍ ተገኘች። ኤፍቢአይ ያንን ጽሑፍ ለአራት ዓመት ያህል ሊፈታው አልቻለም። የተፈታው የአቤል ረዳት የነበረው ራይኖ ሃይሃነን እ.ኤ.አ. በ1957 ፓሪስ ላይ ከድቶ መፍቻውን ከሰጠ በኋላ ነበር። መልእክቱ ሲነበብም ለራሱ ለሃይሃነን የተላከ፣ በደህና በመድረሱ እንኳን ደስ ያለህ የሚልና አንዳንድ መመሪያ የያዘ ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ።

እውነተኛው ስለላ ይህን ይመስላል፤ ጥበቃ፣ መሰልቸትና መጨረሻ ላይ የእንኳን ደስ ያለህ ደብዳቤ። ፈጣኑ ልብ ወለድ እነዚህን አራት ዓመታት በአራት ገጽ ሲያሳልፋቸው እኛን እያዝናናን ሰዎቹን ይሰውራቸዋል። ዶኖቫን ማታ ቤቱ ገብቶ ለልጆቹ ምን ይላቸው ነበር? አቤል በእስር ቤት ጊዜውን በምን ያሳልፍ ነበር? ሩጫ ላይ ያለ ደራሲ ይህን ለመጠየቅ ፋታ የለውም። እነዚህ መጻሕፍት ለሁለተኛ ጊዜ የማይነበቡትም ስለዚህ ይመስለኛል፤ መጨረሻውን አንዴ ካወቅነው በኋላ የሚያስመልሰን ሰው አላኖሩልንም።

ከአሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከምንኖርባቸው ከተሞች አንዷ በሆነችው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ነው የምኖረው። ወንድማችን ዘገምተኛ ስለ ዝግታ ለተናገሩት፣ ሰፈራችን ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ጥሩ መልስ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። የምሥራቅ ቨርጂንያ ወረዳ ፍርድ ቤት መዝገቦችን በፍጥነት በመዝጋት በአገሪቱ የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ ጠበቆች «ሮኬት» የሚል ቅጽል አውጥተውለታል። የአሜሪካ የውጭ ስለላ ድርጅት የሆነው የሲአይኤ ዋና መሥሪያ ቤትና የመከላከያ ሚኒስቴር ሁለቱም በዚሁ ወረዳ ክልል ውስጥ ስለሚገኙ፣ ከባድ የስለላ ክሶችም ብዙውን ጊዜ እዚህ ይቀርባሉ።

የሲአይኤ ባልደረባ ሆኖ ለሞስኮ ሲሰልል የኖረው አልድሪች ኤምስ የተያዘው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1994 ነው። ኤፕሪል 28 ቀን ጥፋተኝነቱን አምኖ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ ለዓመታት የዘለቀው ክህደት በፍርድ ቤት የቆየው ከሁለት ወር ትንሽ ፈቅ ላለ ጊዜ ነው። የኤፍቢአይ ባልደረባ ሆኖ ለሞስኮ ሲሰልል የነበረው ሮበርት ሃንሰንም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 ተይዞ በጁላይ አመነ። ሁለቱም ጉዳዮች ሙሉ ሙግት ሳይካሄድባቸው በስምምነት ተዘጉ።

ለምን በስምምነት ተዘጉ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ሞተር ያለው እዚያ ላይ ነውና። መንግሥት ተከሳሹን ለማስቀጣት ምስጢሩን በችሎት ማውጣት አለበት፤ ምስጢሩን ካወጣ ደግሞ ከሃዲው የጀመረውን ጉዳት በገዛ እጁ ይፈጽመዋል። ተከሳሾች ይህን ስለሚያውቁ «ክሰሱኝና የማውቀውን ሁሉ በአደባባይ አወራለሁ» ማለት ጀመሩ። ለዚህ መላ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው ሕግ መሠረት ዳኛው ምስጢራዊውን ሰነድ ከሙግቱ በፊት በዝግ ይመለከታሉ፤ በሰነዱ ፋንታ ማጠቃለያ እንዲቀርብ ሊፈቅዱም ይችላሉ። ማጠቃለያው ለመከላከያው አይበቃም ብለው ከወሰኑና መንግሥት ሰነዱን አላወጣም ካለ ግን ክሱ እስከ መሰረዝ ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ አንድ የክፍል ኃላፊ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ተቀምጦ «ይህ ሰው ነፃ ይውጣ ወይስ እስካሁን ውጭ አገር በሕይወት ያለው መረጃ ሰጪያችን ይሙት?» ብሎ የሚመርጥበትን ክፍል አስቡት። ጥይት የለም፤ ያለው አንድ ወረቀትና ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት የሚሰየም ችሎት ነው። በኤምስ ስምምነት ውስጥ ደግሞ አብራ የተከሰሰችው ሚስቱ ጉዳይ ነበረበት፤ እርሱ ሳይሟገት በማመኑ ለእርሷ ቀለል ያለ ቅጣት ተጠየቀላት፤ 63 ወራትም ተፈረደባት። ዘገምተኛ «ሰዎቹ ይሰወራሉ» ያሉት እንግዲህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ባልና ሚስቱ እዚያው የስምምነቱ አንቀጽ ውስጥ አሉ።

የማታ አንባቢ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከአሌክሳንድሪያ የመጣው አስተያየት አንድ ነገር ገልጦልኛል፤ ለካ የሚያስጨንቀኝ የጠበቃው መጥበብ ብቻ ሳይሆን ኃያሉ መንግሥትም ራሱ በጻፈው ሕግ ተይዞ ሲታገል ማየቴ ነው። ተከላካይን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በእኛ አገር የስለላ ወይም የአገር ክህደት ክስ ቢሆን ችሎቱ በዝግ ይታያል? በዝግ ከታየስ ደራሲው ምን ይጽፋል?

አርታዒው፦

ተከላካይ እስኪመለሱ ድረስ ስለ አጻጻፉ ጥቂት ልበል፤ የዚህ ዓይነት ረቂቆች እየደጋገሙ እጄ ይገባሉና።

ፍጥነትን ከአጭር ዓረፍተ ነገርና ከብዙ ሬሳ የሚጠብቁ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። በመጀመሪያው ገጽ አንድ ሰው ይገደላል፣ በሦስተኛው መኪና ይገለበጣል፣ በአሥረኛው ገጽ ላይ ደግሞ ጠበቃው ለጸሐፊዋ ስለ ይግባኝ ሥርዓት ሁለት ገጽ ሙሉ ያስተምራታል፤ ጸሐፊዋ እኮ ሃያ ዓመት ፍርድ ቤት የሠራች ሴት ናት! አንባቢው መጽሐፉን የሚያስቀምጠው እዚያ ላይ ነው። ሕጉ በስብከት ሳይሆን በእንቅፋት መታየት አለበት። ጠበቃው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መዝገብ ቤት ይደርሳል፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቶቹን በምራቋ ባራሰችው ጣቷ አንድ በአንድ ትቆጥርና «የአባሪው አንድ ኮፒ ይጎድላል» ብላ በመስኮቱ ትመልስለታለች። ከግቢው ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት መብራት ጠፍቶበታል። ቀጣዩ ደግሞ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ እዚያም ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። አንባቢው ስለ ይግባኝ ጊዜ ገደብ አንድ ቃል ሳይነገረው ሁሉንም ተረድቷል፤ ደራሲውም ሰዓቱ እየቆጠረ ስለሆነ በተሰለፉት ተማሪዎች ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ቢቆይ አንባቢ አይሰለችም። የጊዜ ገደቡ አስቀድሞ ከታወቀ ዝርዝር መጻፍ ጭንቀቱን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም።

በተረፈ የዘገምተኛ ወቀሳ በብዙዎቹ መጻሕፍት ላይ ይሠራል። ከጥሩዎቹ ደራሲዎች አንዳንዶቹ የሚለዩት ሥራውን ከውስጥ በማወቃቸው ነው። ጆን ግሪሻም ደራሲ ከመሆኑ በፊት በሚሲሲፒ ጠበቃ ነበር፤ ጆን ለ ካሬ በብሪታንያ የስለላ ድርጅቶች ውስጥ ሠርቷል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የቢሮውን መሰልቸት፣ የአለቃን ቅናት፣ የደመወዝን ማነስ ያውቃል፤ ገጸ ባሕርያቱ ሥጋ የሚለብሱት በእነዚህ ነው።

ዘገምተኛ፦

ፎቶ ኮፒ ቤቱን ተቀብያለሁ፤ እንዲህ ያለ ገጽ ቢጻፍ ሁለቴም አነባለሁ። የማልቀበለው መጨረሻቸውን ነው። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ በሕግ መስመር ውስጥ ሲጨነቅ የኖረው ታሪክ፣ መጨረሻው ላይ ዋናው ወንጀለኛ በመስቀለኛ ጥያቄ ተርበትብቶ በሕዝብ ፊት ሁሉን ሲናዘዝ ያበቃል። ከአሌክሳንድሪያ ያነሡዋቸው ሁለቱ ሰላዮች ግን የተፈረደባቸው በተዘጋ በር በተጻፈ ስምምነት ነው። ያንን መጨረሻ የሚደፍር ደራሲ ካለ ጠቁሙኝ።

ተከላካይ፦

ለየማታ አንባቢ ጥያቄ፦ በኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 መሠረት የተከሰሰ ሰው በተገቢ ጊዜ ውስጥ ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት የመሰማት መብት አለው። ክርክሩ በዝግ ችሎት የሚሰማው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን የሞራል ሁኔታና የአገሪቱን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ነው። ስለዚህ የስለላ ክስ በዝግ ሊታይ የሚችልበት መንገድ አለ፤ ይህም ለደራሲ ጉዳት ሳይሆን ሲሳይ ነው። ጋዜጠኛውና ቤተ ዘመዱ ኮሪደር ላይ ሲቀሩ አንባቢው ብቻ ከዳኞቹ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚህም በላይ ያው አንቀጽ ተከሳሹ የቀረበበትን ማንኛውንም ማስረጃ የመመልከት መብት ይሰጠዋል። «በሩ ይዘጋ» የሚለው ዐቃቤ ሕግ ይህን መብት እንዴት እንደሚወጣው ማሰብ በራሱ አንድ ምዕራፍ ይሆናል።

ከሕዝብ የሚመረጡ ፈራጆች አለመኖራቸው ታሪኩን አያዳክመውም፤ የሰዓቱ ቆጠራ እኛም ጋ አለና። በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚጠይቀው የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም። ይህች የመንገድ ጊዜ ከጠረፍ ከተማ ለተያዘ ሰው ምን ልትሆን እንደምትችል ለጸሐፊዎች እተወዋለሁ። ለረጅም ዘመን የሠራንበት የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የጊዜ ቀጠሮው፣ ማለትም ምርመራው እስኪያልቅ ተጠርጣሪው እንዲቆይ ፍርድ ቤት የሚፈቅደው ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይላል፤ የምርመራ መዝገቡ ከደረሰው በኋላም ዐቃቤ ሕጉ ክሱን በ15 ቀን ውስጥ እንዲመሠርት ያዛል። መርማሪው «ምስክር ቀርቶኛል፣ ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልኝ» ሲል፣ ጠበቃው «ባለፈውም ይህንኑ ብለው ነበር» ብሎ ሲቃወም፣ ዳኛው የቀን መቁጠሪያውን ቀና ብለው ሲያዩ፤ ይህ በየሳምንቱ የሚታይ ነገር ነው።

የዘገምተኛን መጨረሻ በተመለከተ፣ በእኛ ሕግ ተከሳሽ ክሱን አምኖ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ ስለዚህ ያ መጨረሻ እዚህም ይጻፋል። የማታ አንባቢ ለመጻፍ አስበው ከሆነ መጀመሪያ የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ሄደው ጥቂት ጠዋቶችን ይቀመጡ። ለመግባት መታወቂያ ይያዙ፣ ስልክዎንም ያጥፉ፤ ከኋላ ወንበር ቢቀመጡ የቤተሰቦችን ሹክሹክታ ይሰማሉ፤ የመርማሪውን ፊት ማየት ከፈለጉ ግን ወደ ፊት ጠጋ ማለት ይኖርብዎታል።